ቴሌክሱን ያነበብኩበት ጠዋት

ስለዚያ ዘመን የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጦር ግንባር ነው። እኔ ግንባር ሄጄ አላውቅም። ደም ያየሁት ልደታ ውስጥ፣ የክረምት ጓንት በሚሰፋበት አዳራሽ ነው። ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ሲሆን ያለቀው ረቡዕ አራት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ የኖርኩት ኑሮ ሁሉ የዚያ አንድ ቀን ከምናምን ውጤት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። አስካለ እባላለሁ። ጌጃ ሰፈር ከእናቴ ጋር ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ እኖር ነበር። መንግሥት ምሥራቅ ጀርመን ልኮኝ ሁለት ዓመት ተኩል የቆዳ ሥራ ተምሬ ስመለስ፣ ልደታ ያለ አንድ የጓንት ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመደብኩ። ጀርመንኛ የሚያነብ ሌላ ሰው ስላልነበረ ከውጭ በስልክ መስመር እየታተመ የሚመጣውን መልእክት፣ ቴሌክሱን፣ የምተረጉመውም እኔ ነበርኩ። አጭር ፀጉሬን አበጥሬ፣ ከጀርመን ያመጣሁትን ካፖርት ደርቤ በአብነት በኩል በእግሬ ስሄድ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ፤ ግን ሥራዬን እወድ ነበር።

ፋብሪካው የሚሠራው ከበግ ሌጦ የሚሰፋ፣ ውስጡ ፀጉር የሆነ ወፍራም ጓንት ነው። የሚለብሱት እዚያ በብርድ አገር በግንባታና በከሰል ማውጫ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ያንን ጓንት አጥልቆ የሚሄድ ቢገኝ ሕፃናት ተከትለው ይስቁበታል። ማሽኖቹ የመጡት ከዚያው አገር ነው። መርፌው፣ ክሩ፣ የማሽኑ ቀበቶ፣ ዘይቱ ሳይቀር የሚመጣው ከዚያው ነው። በመሃላችን ዶላር የሚባል ነገር አያልፍም። ጓንት ይሄዳል፣ መርፌ ይመጣል። የሶሻሊስት አገሮች ወንድማዊ ንግድ ይባል ነበር።

መርፌ ማለት እንግዲህ ሕይወታችን ነበር። አንዴ አንዲት ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት መርፌ ሰበረችና የፓርቲው ተጠሪ ጓድ ሰይፉ ማሽኗ ላይ እንደተቀመጠች ጆሮዋ እስኪደማ በጥፊ መታት። ማንም ቀና አላለም። እኔም አላልኩም። ጓድ ሰይፉ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚያስለው፣ ሽጉጡን ከኮቱ ሥር የሚታጠቅ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ደበላ ግን ከቆዳ ቆራጭነት ተነስቶ እዚያ የደረሰ፣ ስሜን «አስካልዬ» ብሎ የሚጠራኝ፣ የአምቦ ሰው ነበር።

በኅዳር የበርሊን ግንብ መፍረሱን የሰማነው በሹክሹክታ ነው። ጮክ ብሎ ያወራ የለም። እኛም ጓንታችንን መስፋት ቀጠልን።

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ የቴሌክሱ ማሽን እያንኳኳ ነበር። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ወረቀቱን ቀድጄ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ተቀምጬ ደግሜ አነበብኩት። ማሽኑ ሁለት ቅጂ ነው የሚያወጣው፤ አንዱን አጥፌ ካፖርቴ ኪስ ከተትኩና ሌላውን ይዤ ጋሼ ደበላ ዘንድ ሄድኩ።

«ምነው ፊትሽ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ በሩን ልዝጋው።»

ዘጋሁና አነበብኩለት። ከዚህ ወር ጀምሮ የቀድሞው ውል አይሠራም። አሰብ ወደብ ያለውን ጭነት አንረከብም። የመለዋወጫ ዕቃ ትእዛዛችሁ ተሰርዟል። ከእንግዲህ መግዛትም ሆነ መሸጥ በአዲሱ ገንዘባችን ብቻ ነው። ይኸው ነው። ድሮ መጨረሻው ላይ «ከወንድማዊ ሰላምታ ጋር» የሚል ነበረበት። አሁን የፈራሚ ስም እንኳ የለውም።

«ጥራቱን ነው የጠሉት?» አለ ጋሼ ደበላ።

«አይደለም። ስለ ጥራት አንድ ቃል የለውም።»

«ታዲያ ምን በደልናቸው?»

«ምንም። እነሱ ከሶሻሊስቶቹ የንግድ ማኅበር ወጡ ጋሼ። ገንዘባቸውን ቀይረው ወደ ምዕራቦቹ ገበያ ገቡ።»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ። «መርፌ ለምን ያህል ጊዜ አለን?»

«ለሦስት ሳምንት። ከተጠነቀቅን ለወር።»

«ለሌላ አገር ብንሸጠውስ? ለጣሊያን?»

«ልኩም ስፌቱም በነሱ የሥራ ሰው ደረጃ ነው የተቆረጠው። ጣሊያን ይህን ጓንት ምን ያደርገዋል?»

ከታች አዳራሽ የማሽኖቹ ድምፅ ይሰማናል። ሁለት መቶ የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከእንግዲህ ማንም የማይለብሰውን ጓንት እየሰፉ ነው። «ቨርነር ያውቃል?» አለኝ በመጨረሻ።

ቨርነር የማሽን ጠጋኛችን ነው። ከማሽኖቹ ጋር አብሮ የመጣ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ጀርመናዊ። ሄጄ ሳሳየው ወረቀቱን እንኳ አልጨረሰውም፤ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እነዚህን ማሽኖች የሚሠራው ፋብሪካ ባለፈው ሳምንት ተዘግቷል» አለኝ በጀርመንኛ። «ሚስቴ እዚያ ነበር የምትሠራው። ስልክ ደውላ አለቀሰች።»

«እንዴት? እናንተ እኮ አሁን የሀብታሞቹን ገንዘብ ያዛችሁ!»

«እሱ ነው የገደለን። ማሽን የምንሸጠው ለእናንተና እንደ እናንተ ላሉት ነበር። ገንዘባችን ሲቀየር ዋጋችን አንድ ጊዜ ሰማይ ወጣ። እናንተ በዚህ ዋጋ አትገዙንም። ምዕራቦቹ ደግሞ ከኛ የተሻለ ማሽን አላቸው።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እኛ ጓንታችሁን ተውን፣ እናንተ ማሽናችንን ልትተዉ ነው። ማን አተረፈ?»

ያን ጊዜ መልሱ አልገባኝም። ለማሰብም ፋታ አላገኘሁም፤ ጓድ ሰይፉ ጠርቶኛል ተባልኩ።

ቢሮው ስገባ ጋሼ ደበላ ቆሟል። ቴሌክሱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጓድ ሰይፉ እያሳለ «ጓዲት አስካለ፣ ይህን እንደገና ተርጉሚው» አለኝ። ተረጎምኩ።

«ተሳስተሻል። ጭነቱ ለጊዜው ዘገየ ነው የሚለው።»

«አይደለም ጓድ። አንረከብም ነው የሚለው።»

«ለበላይ አካል ሪፖርት አድርጌያለሁ!» ጮኸ። «የዓመቱ ጭነት መቶ በመቶ ተልኳል፣ መለዋወጫው በመንገድ ላይ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ! በዚህ ሰዓት፣ አገር በምትወረርበት ሰዓት፣ ወዳጅ መንግሥት ከዳን ብዬ ልጻፍ? ፈረንጁን ጥሪው!»

ቨርነር መጣ። ጓድ ሰይፉ እኔን አስተርጓሚ አድርጎ ጠየቀው፦ ጓንቶቹ የጥራት ጉድለት አልነበረባቸውም ወይ? ገዢው የመለሰው በዚያ ምክንያት አይደለም ወይ?

ቨርነር ራሱን ነቀነቀ። «ዕቃው ጥሩ ነው። የጠፋው ገዢው ነው። ያ መሥሪያ ቤት ራሱ በመስከረም የሚኖር አይመስለኝም።»

እንዳለ ተረጎምኩት። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ጓድ ሰይፉ በጥፊ አለኝ። ሁለተኛውን በቡጢ ደገመኝና ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ፈረንጁን መምታት አይቻልም፤ የፈረንጁን ቃል የተናገረችውን ግን ይቻላል። ቨርነር አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣና ቆመ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

«አሻጥር ነው» አለ ጓድ ሰይፉ፣ ድምፁ አሁን ዝግ ብሎ። ያ ዝግታ ከጩኸቱ የበለጠ አስፈራኝ። «የኢኮኖሚ አሻጥር። ዕቃው ሆን ተብሎ ተበላሽቷል። አንቺ ጥራት ተቆጣጣሪዋ ትመሰክሪያለሽ። እሱም ያምናል።»

ከቀበሌ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ተጠሩ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ሁለቱም ጠመንጃ የያዙ። ጋሼ ደበላንና እኔን ከጓሮ ወዳለው የቆዳ መጋዘን ወሰዱን። መጋዘኑ ውስጥ በጨው የታሸ ሌጦ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ሽታውን የለመደ ሰው እንኳ ዓይኑ ያለቅሳል። ጋሼ ደበላን ጫማና ካልሲውን አስወልቀው ክምሩ ላይ በሆዱ አስተኙት፤ ረጅሙ እግሮቹን በጠፍር አንድ ላይ አሰራቸውና ወደ ላይ ያዛቸው። አጭሩ የኤሌክትሪክ ገመድ በሦስት ጠቅልሎ መጣ።

«ጻፊ» አለኝ ጓድ ሰይፉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። «እስክትጽፊ ድረስ ነው።»

የመጀመሪያው ግርፋት ውስጥ እግሩ ላይ ሲያርፍ ጋሼ ደበላ አልጮኸም፤ ትንፋሹ ብቻ ሲወጣ ሰማሁ። በአምስተኛው ጮኸ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ስለሚያጓራ ከእኛ በቀር የሚሰማው የለም። በአዳራሹ ማሽኖቹ አልቆሙም። አጭሩ ሲደክመው ገመዱን ለረጅሙ ሰጠው፣ ረጅሙም ሲደክመው መለሰለት። ቆዳው ተተልትሎ ደሙ ጨው ላይ ሲንጠባጠብ ጨው እያፈሱ ቁስሉ ላይ ነሰነሱበት። ያኔ ጋሼ ደበላ የእናቱን ስም ጠራ፤ በኦሮምኛ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው እናቱን ሲጣራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

«ተዉት!» ብዬ ጓድ ሰይፉ እግር ላይ ወደቅኩ። በጫማው ጎኔን ረገጠኝ።

«እኔ አይደለሁም የምመታው» አለኝ። «አንቺ ነሽ። እስክሪብቶው በእጅሽ ነው።»

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። የምሳ ደወል ተደወለ፤ ሠራተኛው ከምሳ ሲመለስም ተደወለ። አንድ ጊዜ ጋሼ ደበላ ራሱን ሲስት ውሃ ደፉበት። ሲነቃ አንገቱን አዙሮ አየኝና «አስካልዬ፣ ጻፊላቸው» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ቃል ስሰማ ደስ አለኝ። ፈቃድ ሰጠኝ ብዬ ደስ አለኝ። ጓድ ሰይፉ እየነገረኝ ጻፍኩ፦ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ በበሰበሰ ክር፣ በተበላሸ ቆዳ ጓንቶቹ መሰፋታቸውን፤ እኔም እያወቅኩ ማሳለፌን። ፈረምኩ። ገመዱ ቆመ።

ቢሮዬ ውስጥ ተቆልፎብኝ አደርኩ። እናቴ በር ላይ መጥታ ስትለምን ተባራለች ብለው በኋላ ነገሩኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሠራተኛው ሁሉ በስፌት አዳራሹ ተሰበሰበ። ማሽኖቹ ቆመዋል፤ ያን አዳራሽ በዝምታ ሳየው ያ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ጋሼ ደበላን በሁለት ሰው አንጠልጥለው አምጥተው ወንበር ላይ አስቀመጡት። እግሮቹ በጆንያ ተጠቅልለዋል፤ ጆንያው ጠቁሯል። ሴቶቹ ሲያዩት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከፊት ለፊት የተሰፉ ጓንቶች ለማሸግ ተቆልለዋል። ቨርነር በስተኋላ በሩ ጋ ቆሟል።

ጓድ ሰይፉ ንግግር አደረገ። አሻጥረኞች በመሃላችን ሆነው ወዳጅ አገር እንዲቀየመን አድርገዋል አለ። አሁን ጥራት ተቆጣጣሪዋ ራሷ ታጋልጣለች። ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተባበሩት የሦስተኛው መስመር ሰፊዎችም ዛሬውኑ ይያዛሉ አለና ከወረቀት ስማቸውን ማንበብ ጀመረ።

ይህን ትናንት አልነገረኝም ነበር። እኔ የፈረምኩት በአንድ ሰው ላይ መስሎኝ ነው።

ሦስተኛው የጠራው ስም የእትዬ ዘይነባ ነው። እትዬ ዘይነባ የመስመሩ ኃላፊ ናት። የስልጤ ሴት፤ ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጇን አብነት ላይ ብቻዋን የምታሳድግ። ከመጣሁ ጀምሮ «አስኩ» እያለች ከምሳዋ የምታካፍለኝ ሴት። ስሟ ሲጠራ ብድግ አለች። ጓድ ሰይፉን አልተመለከተችም።

«አስኩ» አለችኝ። «የሰፋሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ገልብጠሽ ያየሽው አንቺ አይደለሽም? ክሩ በስብሶ ነበር?»

«ቁጭ በይ!» አላት ጓድ ሰይፉ።

«እሷን ነው የጠየቅኩት። አስኩ፣ ለምንድነው የመለሱብን? ከጀርመን የመጣው ወረቀት ምን ይላል?»

ጓድ ሰይፉ የፈረምኩትን ወረቀት እጄ ላይ አስቀምጦ «አንብቢ» አለኝ። ጋሼ ደበላን አየሁት። ራሱን በትንሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀ፤ አታድርጊው ማለቱ ነው። ጻፊላቸው ያለኝ ሰው አሁን ደግሞ ዝም በይ ይለኛል፤ ለእኔ ፈርቶ።

ወረቀቱን መሬት ጣልኩት። ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ያለውን ቅጂ አወጣሁ። ማንም አልፈተሸኝም ነበር። ጮክ ብዬ በአማርኛ አነበብኩት። አራት መስመር ናት፤ ከመጨረሷ በፊት ይገድለኛል ብዬ በፍጥነት ነው ያነበብኳት። «ስለ ጥራት አንድም ቃል የለውም!» አልኩ። «ጓንታችሁ ጥሩ ነበር! አገራቸው ከማኅበሩ ወጥቶ ነው! መርፌም አይልኩም! ማንም አሻጥር አልሠራም!»

ጓድ ሰይፉ በሽጉጡ ሰደፍ አፌን መታኝ። ሁለት የፊት ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ሲወድቁ ተሰማኝ። ወደቅኩ። ሽጉጡን ወደ እኔ ሲያዞር ጥቁር ቀዳዳውን አየሁት። ያኔ እትዬ ዘይነባ ደረሰችና የእጁን አንጓ በሁለት እጇ ያዘችው። ወፍራም ሴት አልነበረችም፤ ግን አሥር ዓመት ቆዳ የሳበ እጅ ነው። ታገሉ። ተኩሱ ጮኸ።

እትዬ ዘይነባ አልጮኸችም። ሆዷን ይዛ ወደ ኋላ እያለች ሄዳ የጓንቱ ክምር ላይ ቁጭ አለች፤ እንደደከመው ሰው። ከዚያ ተንጋለለች። የጓንቶቹ ፀጉር ደሟን እየመጠጠ ቀይ ሲሆን አየሁ።

አዳራሹ ተነሳ። የሴት ጩኸት ብዙ ሰምቻለሁ፤ የዚያን ቀን የሰማሁትን ግን ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። የክር ማጠንጠኛ፣ ወንበር፣ ብረት ወረደበት። ጠባቂዎቹ ወደ ጣሪያው ተኩሰው በሩን ከፍተው ሮጡ። ጓድ ሰይፉ ሽጉጡ ከእጁ ወድቆ በጉልበቱ ተንበርክኮ «እናቶቼ! እናቶቼ!» ይል ነበር። በመርፌው ምክንያት ጆሮዋን የተመታችው ልጅ ምናምን ብዬ ማን ምን እንዳደረገ አልቆጥርላችሁም። የራሴን ግን እነግራችኋለሁ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትልቁን መቀስ አነሳሁ። ከአፌ ደም እየወረደ ሄጄ ትከሻው ላይ ወጋሁት። ነቅዬ ደገምኩት። ሦስተኛውን ለአንገቱ ሳነሳ ከኋላዬ አንድ ሰው ወገቤን አቅፎ አነሳኝ። ቨርነር ነው። «በቃ! በቃ!» ይለኛል በጀርመንኛ፤ እኔ ግን በአማርኛ እሰድበዋለሁ። ትናንት አንድ እርምጃ መጥቶ የቆመው ሰውዬ ዛሬ መጣ፤ እኔን ለማዳን ይሁን እሱን ለማዳን እስካሁን አላውቅም።

ወታደሮቹ ሲደርሱ እትዬ ዘይነባ ሞታለች። ጓድ ሰይፉ በሕይወት ነበር፤ አንድ ዓይኑ ፈሷል። በጭነት መኪና አሥራ አንዳችንን ወሰዱን።

ምርመራው ላይ የደረሰብኝን አልዘረዝረውም፤ ከጋሼ ደበላ የተለየ አልነበረም። አሥር ወር ታሰርኩ። ግንቦት ላይ መንግሥቱ ሲወድቅ ጠባቂዎቹ ልብሳቸውን አውልቀው ጠፉ፣ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘነውና ወጣን። ቨርነር እኛ በተያዝንበት ሳምንት ወደ አገሩ ተሳፍሮ ኖሯል፤ አገሩ ግን ሲደርስ በዚያ ስም የለችም ማለት ይቻላል። ጋሼ ደበላ በክራንች ሰባት ዓመት ኖሮ ሞተ። ስለዚያ ወረቀት አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም። ፋብሪካው መርፌው አልቆ ነሐሴ ላይ ተዘጋ። አሰብ የቀረው ጭነት ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ጓድ ሰይፉንም አንድ ጊዜ ሜክሲኮ አደባባይ አግኝቼዋለሁ። በአንድ ዓይኑ አውቶቡስ እየጠበቀ ነበር። ያን ያህል የጠላሁት ሰው እንዲህ ያረጀ፣ እንዲህ ያነሰ ይሆናል ብዬ አልገመትኩም። አላናገርኩትም። ግን አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ቆሜ አየሁት፤ ያን ጠዋት ከኛ እኩል ፈርቶ እንደነበረ ያኔ ነው የገባኝ። የበላዮቹን ፈራ፣ እኛን መታ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ የኢኮኖሚ ሰው አይደለሁም። ግን ሰዎች በሬዲዮ «እገሌ አገር ከእገሌ ማኅበር ወጣ፣ የንግድ ውሉ ፈረሰ» ሲሉ እንደ ተራ ወሬ አልሰማውም። መርፌውን ማን እንደሚሠራ፣ ጓንቱን ማን እንደሚያጠልቅ አስባለሁ። ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላው ላይ ተደግፈው ሲቆሙ አንዱ ድንገት ቢነሳ ሁለቱም ናቸው የሚወድቁት፤ የቨርነር ሚስት ከሥራ የወጣችው ከኛ በፊት ነው። ሲወድቁ ደግሞ ማንም ሩቅ ያለውን ጥፋተኛ ሄዶ አይመታም። እጁ የደረሰበትን ነው የሚመታው። ጓድ ሰይፉ በርሊን ድረስ እጁ አይደርስም ነበር፤ ጋሼ ደበላ ግን ከጎኑ ነበር። እኔም ብሆን መቀሱን ያነሳሁት በዚያው ሒሳብ ነው። ያን የመሰለ እጅ አለኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስናደድ እጆቼን ኪሴ ውስጥ የምከተው ለዚያ ነው፤ ልጆቼ ጠባይ ይመስላቸዋል።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ የእትዬ ዘይነባ ልጅ ሰሚራ አፈላልጋ ቤቴ መጣች። እናቷ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን የልጆች እናት ናት። ፊቷ የእናቷ ነው። ተቀመጠችና ዙሪያ ጥምጥም ሳትል ጠየቀችኝ።

«ወረቀቱን ባታነቢው ኖሮ እናቴ ትኖር ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ ስንት ዓመት መልስ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ትያዝ ነበር፣ ትታሰር ነበር፣ ማን ያውቃል የሚል ብዙ መልስ ነበረኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«አዎ» አልኳት። «ከአሥር ወር በኋላ እንደ እኔ ትፈታ ነበር። ትኖር ነበር።»

እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም ፈለግኩ።

«እኔ አክስቴ ዘንድ፣ አብነት ነው ያደግኩት» አለችኝ። «ካንቺ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። እናቴ ለምን እንደሞተች የነገረኝ ሰው የለም። ስትሰርቅ ተይዛ ነው ያሉኝም ነበሩ። ለምን አልመጣሽም?»

በተሞላ አዳራሽ ፊት፣ ሽጉጥ ከታጠቀ ሰው ጎን ቆሜ አራት መስመር ያነበብኩ ሴት፣ ያቺን የሃያ ደቂቃ መንገድ ለመሄድ ግን ሃያ ምናምን ዓመት ፈርቻለሁ። ይቅርታ ልላት ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አጥፋ አስቀመጠች፤ ለመሄድ የማይቸኩል ሰው እንደሚያደርገው።

«አሁን ንገሪኝ» አለች። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ። እሷ ያለችውን ሁሉ፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ።»

ነገርኳት።